የአምሃ ሸክላዎችና የአባቴ ካሴቶች

  

አባቴ ካረፈ በኋላ ቁም ሳጥኑን ስናጸዳ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት አገኘን። እህቴ «ማጫወቻው እንኳ የለንም፣ ምን ይሠራልናል?» ብላ ልትጥለው ነበር፤ እኔ አስቀረሁት። በአባቴ እጅ ጽሑፍ «ዓለማየሁ»፣ «ማሕሙድ»፣ «ጥላሁን»፣ «ሙሉቀን» የሚል አለበት፤ ሌላ ነገር የለም። ማን እንዳሳተመው፣ መቼ እንደተቀዳ አይናገርም። ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ የመጣ ነውና ማንም አልጻፈበትም። እነዚህ ድምፆች መጀመሪያ ከየት መጡ ብዬ ስከታተል አንድ ሰውና አንድ አጭር ዘመን ላይ ደረስኩ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።

ሰውየው አምሃ እሸቴ ነው፤ ማሳተሚያውም አምሃ ሪከርድስ። ከ1969 እስከ 1975፣ ስድስት ዓመት ብቻ! በዚህ ጊዜ ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል ትልልቅ አልበሞች አወጣ።

መጀመሪያ ግን ሕጉን ልንገራችሁ። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ ከውጭ የማስገባትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1935 ጣልያን ሊወር ሲል ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተመሠረተ ማኅበር ነው፤ ክብሩ ትልቅ ነው። በ1960ዎቹ የመጣውን አዲስ ሙዚቃ ግን እምብዛም አላሳተመውም። ሌላው እንዳያሳትም ደግሞ ሕጉ ይከለክላል። ስለዚህ ዘፋኙን ለመስማት ወይ ሬዲዮ መክፈት ነው፣ ወይ አዳራሽ መግባት ነው።

ዘፋኞቹም ቢሆኑ የራሳቸው ሰዎች አልነበሩም። ወታደር የነበርን ሰዎች ይህን በደንብ እንረዳዋለን። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ የክቡር ዘበኛ ነበሩ፤ ማሕሙድ አሕመድም እዚያው እስከ 1974 ሠርቷል። ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ የፖሊስ ነበሩ። ደመወዛቸው፣ ልብሳቸው፣ የሚዘፍኑበት ሰዓት ሁሉ ከአለቃ ነው። በታኅሣሥ 1960 የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ጥላሁንም ታስሯል። እዚህ እስራኤልም ከጦሩ የሙዚቃ ጓድ ብዙ ታላላቅ ዘፋኞች ወጥተዋል፤ አሪክ አይንሽታይን ከናሓል ጓድ የመጣ ነው። ልዩነቱ እዚህ የግዳጅ ጊዜህን ጨርሰህ ልብስህን መልሰህ ወደ ሸክላ ኩባንያ ትሄዳለህ። እዚያ ግን የምትሄድበት ኩባንያ አልነበረም።

ይህም የናስ ሙዚቃ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ አንድ መንገዱ ከኢየሩሳሌም ነው የሚጀምረው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ወስደው የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያንም ብዙ ባንዶችን አሠልጥኗል። ስደተኛ ያስተማረው ሙዚቃ ነው ብል አላጋነንኩም።

ወደ አምሃ ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ነበረው። የሌላውን አገር ሙዚቃ እየሸጠ የአገሩን ልጆች ድምፅ የሚሸጠው አጣ። በ1969 ትእዛዙን ተላልፎ ለማሳተም ቆረጠ። ከዘፋኞቹ መካከል ቀድሞ የደፈረው ዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ «ትማርኪያለሽ» የተባለው ዘፈኑ የማሳተሚያው የመጀመሪያ ሸክላ ሆነ። ሸክላው ወጣ፣ ተሸጠ፣ አምሃም አልቆመም።

የሙያ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና አሠራሩን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይጫወታል፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። የተቀዳው ቴፕ ወደ ውጭ ይላካል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረምና። መጀመሪያ ሕንድ ነበር፣ በኋላ ሊባኖስ። እዚያ ከቴፑ ላይ ድምፁ በመርፌ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ከሰሌዳው የብረት ማኅተም ይወጣል፤ በማኅተሙ የጋለ ፕላስቲክ ይጨመቃል። ትንሿ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ትዞራለች፤ በአንድ ገጿ የምትይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ነው። ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ዘፈኖች ቶሎ የሚያልቁት! ሰርግ ላይ አንድ ሰዓት የሚዘፈነውን በሦስት ደቂቃ መጨረስ ነበረባቸው።

ከአልበሞቹ ሁለቱ የሙላቱ አስታጥቄ ናቸው፤ አንዱ በ1972፣ ሌላው በ1974። የሁለተኛው ስም «የካቲት» ነው። አብዮቱ የፈነዳበት ወር መሆኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዓለማየሁ ሸክላዎች ጀርባ ደግሞ ፒያኖ የሚጫወተውና ሙዚቃውን የሚያቀናብረው ግርማ በየነ ነበር፤ ስሙ ግን በሕዝብ ዘንድ ብዙ አይነሳም። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው የሱን ሥራ ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ዋሽንግተን ውስጥ ምግብ ቤትና የሙዚቃ ቤት ከፈተ፤ ኋላ አገሩ ገብቶ በ2021 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ዓለማየሁም በዚያው ዓመት ተከተለው። የአምሃን ቦታ የያዘው አሊ አብደላ ካይፋ ነው፤ አሊ ታንጎ የሚባለው። የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በ1975፣ የኃይሉ መርጊያና የዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው» በ1977 በካይፋ ወጡ። ነገር ግን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አደከመው፣ ሸክላውም ቀርቶ ካሴት ነገሠ። ዋሊያስ በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሲሄዱ ኃይሉና ግርማን ጨምሮ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ሰው በማይጭንበት ሰዓት ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ግርማ ነዳጅ ማደያ ሠራ። እኛ እዚህ በፋብሪካና በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉትን አባቶቻችንን ስናይ ከዚያ በፊት ማን እንደነበሩ አንጠይቅም።

የኛን ነገር ላንሳ። በመንደራችን ሸክላ ማጫወቻ አልነበረም። አባቴ ካሴት የለመደው ጎንደር ከተማ ከገባ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ዘፈን ብዙም አይወዱለትም ነበር፤ እሱም ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቴፑን ያጠፋል፣ ሰንበት እስኪወጣ አይነካውም። ከዘፋኞቹም ቢሆን ሙሉቀን መለሰ ወደ ጴንጤ እምነት ገብቶ ዓለማዊውን ዘፈን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነው በ2024 ዋሽንግተን ያረፈው።

ግን ሸክላ የዘፈን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኛ ጸሎት ከአምሃ በፊት 18 ዓመት ቀድሞ ታትሟል! ቮልፍ ሌስላው የተባለ ምሁር በ1947 ኢትዮጵያ ውስጥ የቀዳውን የቄሶቻችንን የግዕዝ ዜማ፣ የኒውዮርኩ ፎክዌይስ በ1951 በአልበም አወጣው። ርእሱ ያን ጊዜ ይጠሩን የነበረውንና የማንወደውን ስም የያዘ ነው፤ ድምፁ ግን የአባቶቻችን ነው። ፎክዌይስ በ1987 ወደ ስሚዝሶኒያን ተቋም ሲተላለፍ የቀድሞ ሸክላዎች ሁሉ ከገበያ እንዳይጠፉ በሚል ስምምነት ነው፤ ስለዚህ ዛሬም ይገኛል። እኔ እስከ ሠላሳ ዓመቴ አልሰማሁትም። በሲግድ ቀን የምንሰማው ዜማ በፕላስቲክ ላይ ሲንኮሻኮሽ ስሰማ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር፤ አለቀስኩ።

የአምሃንና የካይፋን ሥራ እንደገና ያነሳው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። በ1984 የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ በነጋታው ዓመት አዲስ አበባ ሄደ። «እሬ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታተመ፤ በ1998 ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባሉት ተከታታይ አልበሞች ፓሪስ ውስጥ መውጣት ጀመሩ። በ2005 የሙላቱ ዜማ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ሲገባ ዓለም ሰማው። ሠላሳኛው በ2017 የወጣው የግርማ በየነ ነው፤ ከማደያው በኋላ ማለት ነው። ሃያ አንደኛው ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ በ2006። እማሆይ ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ኖረው በ2023 እዚያው አረፉ። በያመቱ ለሲግድ ኢየሩሳሌም ስንወጣ በዚያች ከተማ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ አላወቅንም። ፈረንሳዊ እስኪነግረን መጠበቃችን ያሳፍረኛል።

ወደ ካርቶኑ ልመለስና ላብቃ። ከጓደኛ ማጫወቻ ተውሼ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። (እናንተም ካላችሁ በረንዳ ላይ ፀሐይ አታስመቷቸው፤ ውስጥ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነም ሳታስተካክሉ አታጫውቱ።) «ዓለማየሁ» የሚለው ካሴት ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ተሰብረዋል፤ ማንም ደርቦ እንዳይቀዳበት ነው። አንደኛው ቀዳዳ ግን በስኮች ተሸፍኗል። ስኮች ካለ ደግሞ ይቀዳበታል። አጫወትኩት። የአጎቴ ድምፅ ነው። ያኔ ስልክ ውድ ስለነበር በመንገደኛ እጅ የሚላከው የካሴት ደብዳቤ! ሰላምታው ብቻ አሥር ደቂቃ ይሆናል፤ የእያንዳንዳችንን ስም ይጠራል፣ የሞተውንና የተወለደውን ይቆጥራል፣ ወረቀታችን መቼ ይመጣል ብሎ ይጠይቃል። አጎቴ ሳይመጣ ጎንደር ነው የሞተው። «በቃ እንግዲህ ቴፑ እያለቀ ነው፣ ደህና ሁኑ» ይላል፤ ቁልፉ ቋ ሲል ይሰማል፤ ከዚያ ዓለማየሁ ከዘፈኑ መሐል ይቀጥላል።

ማጫወቻውን ለሁለት ሳምንት ነው የተዋስኩት። ናታንያ ያላችሁና ካርቶን ያላችሁ አምጡልኝ፣ አብሬ እገለብጣለሁ። ቸር ሰንብቱ።