በድንጋዩና በገበያው መካከል

ዛሬ ከግጥምና ከልብ ወለድ ጥቂት ፈቀቅ ብዬ ስለ አንድ ድንጋይ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ስሙ ራሱ ተረት ስላለው ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንም። ስዊድኖች «ከባድ ድንጋይ» ሲሉ ተንግስተን አሉት። ጀርመኖች ደግሞ ከቆርቆሮ ጋር ሲቀልጥ ቆርቆሮውን እንደ ተኩላ ይበላዋል ብለው ስላሙት ቮልፍራም የሚል ስም አወጡለት። ከብረታ ብረት ሁሉ እንደ እርሱ ሙቀትን የሚችል የለም፤ የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለብዙ ዘመን የአምፖል ክር ሆኖ ሌሊታችንን ያበራልን እርሱ ነው። ብረት የሚቆርጥ ብረት የሚሠራውም ከእርሱ ነው።

ታሪኩ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር፣ በዴቮን አውራጃ፣ ከፕሊመዝ ከተማ አጠገብ ባለችው በሄመርደን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማዕድኑ በ1867 ተገኘ፤ ሆኖም ተፈላጊነቱ የታወቀው ጦርነት ሲመጣ ነበር። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እንግሊዞች አንድ አስደንጋጭ ነገር ተገለጠላቸው። ድንጋዩ በግዛታቸው ቢኖርም አጣርቶ ዱቄት የሚያደርገው ፋብሪካ ግን በጠላታቸው በጀርመን እጅ ነበረ። እህሉ በእኔ ጎተራ፣ ወፍጮው በባላንጣዬ ደጅ እንደ ማለት ነው። ሄመርደን በዚያ ጦርነት ማብቂያ ገደማ ተቆፈረች፤ ሰላም ሲወርድ ተዘጋች። በሁለተኛው ጦርነት ዳግመኛ ተከፈተችና በ1944 ተዘጋች።

በ2007 አንድ የአውስትራሊያ ኩባንያ፣ ዎልፍ ሚነራልስ፣ ሥፍራውን ያዘ። የባለአክሲዮኖቹን ተስፋ ሳጤነው መሠረት የለሽ ነበር ለማለት ይከብደኛል። ድንጋዩ ተለክቷል። በኦስትሪያና በአሜሪካ ያሉ ሁለት አንጥረኛ ኩባንያዎች አብዛኛውን ምርት ሊገዙ ውል ገብተዋል። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የዓለም ምርት ከቻይና ስለሚመጣ፣ ሌላ ምንጭ የሚሻ ደንበኛ እንደማይጠፋ ማንም ይገምታል። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዐለት እንዲፈጭ የታሰበ ማጣሪያ ተሠርቶ በመስከረም 2015 ተመረቀ። በብሪታንያ ከ40 ዓመታት በላይ ከቆየ ዝምታ በኋላ የተከፈተ የመጀመሪያው የብረታ ብረት ማዕድን ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በመካከል፣ በወፍጮው ላይ ነው። ከአንድ ቶን ዐለት የሚጠበቀው ተንግስተን ኦክሳይድ 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ማጣሪያው የሚሠራው ከባዱን ከቀላሉ በመለየት ነው፤ ሴት ልጅ በሰፌድ እንደምታበጥረው ማለት ነው። የላይኛው ዐለት ግን በዘመናት ብዛት ወደ ሸክላነት የተለወጠ፣ ማዕድኑም በቀላሉ የሚደቅ ነበር። እጅግ የላመው ከውኃው ጋር አብሮ ሄደ። የመንቀጥቀጫ ወንፊቶቹም ዝቅተኛ ድምፅ የጎረቤቱን መንደር ሰላም ነሣ። በዚያ ላይ በ2011 ለ10 ኪሎ ኦክሳይድ ከ400 ዶላር በላይ ይከፈል የነበረው ዋጋ በ2016 መጀመሪያ ከ200 በታች ወረደ።

በጥቅምት 2018 ኩባንያው ሥራ አቆመ። 200 ያህል ሠራተኞች ከሥራ ወጡ፤ ዕቃና ጉልበት ያበደሩ የአካባቢው ነጋዴዎችም ያልተከፈለ ደረሰኝ ይዘው ቀሩ። ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የፈሰሰበት ሥራ በ2019 መጨረሻ በ2.8 ሚሊዮን ፓውንድ ለሌላ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት በ2021 በለንደን ገበያ አክሲዮን ሸጠ፤ ስለ አዲስ ማጣሪያና ስለ መጪ ደንበኞችም ወሬው እንደገና ተነሣ። በየካቲት 2025 ቻይና ተንግስተን ወደ ውጭ በሚላክበት ላይ ቁጥጥር ስታደርግማ ተስፋው ይበልጥ ጋለ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶች ተረት እዚህ ላይ በከፊል ብቻ ይሠራል። የሄመርደን ላም በሰማይ አልነበረችም፤ በምድር ቆማ ትታይ ነበር፤ ወተቱን የሚጠጣውም ማሰሮውን ይዞ ደጅ ቆሟል። የጠፋው ማለቢያው ነው። በ1914 መንግሥትን ያስደነገጠውና በ2018 ባለአክሲዮኑን ባዶ ያስቀረው፣ እኔ እንደማየው፣ አንድና ያው ክፍተት ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ማዕድን ብልጽግና ሲወራልኝ፣ ምን ያህል ድንጋይ አለ፣ ማንስ ይገዛዋል ከሚሉት ጥያቄዎች በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ወፍጮው ይህንኑ እህል ፈጭቶ ያውቃል?