እንጦጦ፥ የካና የአዲስ አበባ ማገዶ



ከተማ የምትቆመው በሕንፃዋና በመንገድዋ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ከተማን የሚያቆማት የሚነድ እንጨትና የሚጠጣ ውሃ መሆኑን የአዲስ አበባ ታሪክ ያስረዳል። የዛሬው ንግግራችንም ከሰሜን እስከ ሰሜን ምሥራቅ እንደ ቅጥር ስለ ከበቧት ስለ እንጦጦና ስለ የካ ተራሮች ነው።

በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ከተማ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወረው በጦርነት ምክንያት ብቻ አልነበረም። ሰፈሩ በአንድ ቦታ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚሆነው ዛፍ ተመንጥሮ ያልቃል፤ እንጨት ለቃሚውም ከዓመት ወደ ዓመት መንገዱ ይረዝምበታል። በመጨረሻ ሰፈሩ ተነሥቶ ደን ወዳለበት አገር ይሄዳል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በእንጦጦ ሲቀመጡ፥ ኋላም በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ የደረሰው ይኸው ነበር። የተራራው ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጨፈጨፈ። ከዚህም የተነሣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ መናገሻው አልተዛወረም፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማይቱን በስፍራዋ ካጸኑዋት ነገሮች ዋነኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራሊያ የተገኘ ሲሆን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገባ። ዘሩን ስላስመጣው ሰው የታሪክ ጸሐፊዎች ባይስማሙም ብዙዎቹ የፈረንሳዊውን የሞንዶን ቪዳዬን ስም ያነሣሉ። ጽድ ለማደግ የሰው ዕድሜ ሲፈጅ፥ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለቆረጣ ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። መንግሥትም ዛፉ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ በማድረግ ሕዝቡን አበረታታ። እንግዲህ ከተማው ወደ ደን መሄዱ ቀርቶ ደኑ ወደ ከተማው መጣ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን መፍትሔው የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ በሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም፤ የሚያነደው የሌለው ሰው የሚያነደውን ዛፍ ሊነቅል አይችልምና። በዚህ ላይ የወደቀው ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎ ይወሰዳል። መሬቱ ራቁቱን ሲቀር የክረምቱ ዝናብ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቀበናና ወደ ግንፍሌ ወንዞች ይወርዳል፤ በወንዞቹ ዳር የሚኖረው ሰውም በጎርፍ ይሠጋል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለቤተ መንግሥቱ የመጀመሪያውን የቧንቧ ውሃ የሳበው ከእንጦጦ ነበር፤ በኋላ ግን ከተማይቱ ውሃዋን ከገፈርሳና ከለገዳዲ ለመጠበቅ ተገደደች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይህን ይመስላል።

የዕዳው ተሸካሚ ተራራው ብቻ አይደለም። ከእንጦጦና ከየካ ከባድ የእንጨትና የቅጠል ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶች ከተማይቱን ለብዙ ዘመን አብስለው አብልተዋል። ስለዚህ ሌላ ማገዶና ሌላ እንጀራ ሳይዘጋጅ ደኑን መከልከል ብቻውን ፍትሕ አይሆንም።

ከእንግሊዛዊው ከሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ፕላን፥ ማለት ከ1948 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ፥ ለአዲስ አበባ ብዙ ፕላን ተነድፎላታል። በ1980ዎቹም የአገር በቀል ዛፎችን በእንጦጦ ለመመለስ ሥራ ተጀምሯል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቋል። የጽድና የወይራ ዘር በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ተጠብቆ ስለ ቆየ ተራራውን ወደ ቀድሞ ልብሱ መመለስ የማይቻል ነገር አይደለም።

የጥንቱ ከተማ እንጨት ሲያልቅበት ጓዙን ጠቅልሎ ይነሣ ነበር። የዛሬይቱ አዲስ አበባ ግን ብትነሣ የምትሄድበት ስፍራ የላትም። ስለዚህ ክቡራን አድማጮች፥ በየጽሕፈት ቤታችን የከተማን ካርታ ስንዘረጋ፥ መንገዱንና ሕንፃውን ከመቍጠራችን በፊት ተራራው ምን ያህል ሊሰጥ፥ ምን ያህልስ ሊሸከም እንደሚችል አስቀድመን እንጠይቅ።