የእገሌ ቦታ በምን ይታወቃል?



በቀድሞ የብራና ጸሎት መጻሕፍት ውስጥ «እገሌ» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጸሐፊው ይህን ቃል ያኖረው ጸሎቱ የሚደርስለት ሰው ስም በቦታው ይገባ ዘንድ ነው። ስለ ኮምፒዩተር አሠራር የሚጻፉት የመምሪያ መጻሕፍትም የራሳቸው «እገሌ» አላቸው። ከአንድ ትእዛዝ ቃላት አንዳንዱ ሳይለወጥ እንዳለ ይጻፋል፤ ሌላው ግን፥ ለምሳሌ «የፋይል ስም» የሚለው፥ ሠራተኛው በሚፈልገው ፋይል ስም ይተካል። ሁለቱ ተለይተው ካልታወቁ ኮምፒዩተሩ ትእዛዙን አይቀበልም፤ ወይም ባልታሰበ ፋይል ላይ ይፈጽመዋል።

ይህን ለመለየት የተደረገው ጥረት ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን የዩኒክስ መምሪያ ሲያወጡ፥ ከሥሩ የተሰመረበት ቃል ሁሉ እንዳለ የሚጻፍ ነው ብለው ወሰኑ። በ1979 ዓ.ም. በወጣው በሰባተኛው እትም ግን ይህ ሥልጣን ለደማቅ ፊደል ተሰጠ። ከዚያም በተለመደው ሥርዓት የሚተካው ቃል በሰያፍ ፊደል የሚጻፍ ሆነ። ሰያፍ ፊደል ማውጣት በማይችል የኮምፒዩተር መስኮት ላይ ደግሞ ሰያፉ ቃል ከሥሩ ተሰምሮበት ይታያል። እንግዲህ ቀድሞ «አትለውጠኝ» ይል የነበረው መስመር በኋላ «ለውጠኝ» የሚል ሆነ ማለት ነው።

መልክ እንዲህ የሚገለባበጥ ከሆነ፥ ምልክቱ የቃሉን ምንነት ቢናገር ይሻላል። በ1969 ዓ.ም. በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ቻርልስ ጎልድፋርብ፥ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ የደከሙበት ሐሳብ ይኸው ነበር። ሥራቸው አድጎ በ1986 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ደንብ ሆነ። የኢንተርኔት ገጾች የሚጻፉበት የኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ሁለተኛ ደንብም በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ፥ ሠራተኛው እንዳለ ለሚጽፈው ቃል «ኬ.ቢ.ዲ.»፥ ለሚተካው ስም ደግሞ «ቫር» የተባሉ ምልክቶችን መደበ። ገጹ «ቫር» የተባለውን በሰያፍ ቢያሳየው ወይም በሌላ ቀለም፥ የቃሉ ግብር አይናወጥም።

ስለዚህ መምሪያ የሚያዘጋጅ ሰው በየቃሉ ፊት ቆሞ «ይህ እንዳለ ይጻፋልን? ወይስ ይተካል?» ብሎ ይጠይቅ። የመረጠውንም ምልክት በመግቢያው ይግለጽ፤ እስከ መጨረሻው ገጽም አይለውጠው። መምሪያውን አምኖ በቅንነት የሚከተል አንባቢ በጸሐፊው ቸልተኝነት ሊሳሳት አይገባውምና።