ሻርፕስ፦ የባርነትን ዘመን ያየ ጠመንጃ

ዛሬ የጥንት መሣሪያ ሰብሳቢዎች በብርቱ ስለሚፈልጉት ሻርፕስ ስለተባለ አጭር ጠመንጃ እናወጋችኋለን። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካዊው ክርስቲያን ሻርፕስ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1848 ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ጠመንጃ ባሩድና እርሳሱን በአፈሙዙ በኩል በዘንግ እየጠቀጠቁ የሚያጎርሱት ነበር። ሻርፕስ ግን ከኋላ ይጎርሳል። ከምላጩ ሥር ያለው ማንሻ ወደ ታች ሲሳብ መዝጊያው ይወርዳል፤ በወረቀት ወይም በጨርቅ የተጠቀለለው ጥይት ይገባል፤ መዝጊያው ሲመለስ የጥቅሉን ጫፍ ቆርጦ ባሩዱን ይገልጠዋል። መዶሻው ትንሿን የመዳብ ቆብ ሲመታ እሳት ይጫራል። በዚህም ፈረሰኛው ከኮርቻው ሳይወርድ ማጉረስ ቻለ።

ታሪኩ ግን ከብረቱ ይበልጣል። ኦክቶበር 16 ቀን 1859 ጆን ብራውን ባሪያዎችን አስታጥቆ ነፃ ለማውጣት በሃርፐርስ ፌሪ የሚገኘውን የመንግሥት የመሣሪያ ፋብሪካ ያዘ። ተከታዮቹ 21 ነበሩ፤ ነጭም ጥቁርም አሉባቸው። ወደ 200 የሚጠጉ ሻርፕሶችም አዘጋጅቶ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ተማረከ፤ ዲሴምበር 2 ተሰቀለ።

በ1861 ጦርነቱ ሲነሳ የሰሜኑ መንግሥት ይህንኑ መሣሪያ በአሥር ሺዎች ገዛ። ባርነትን የሚከላከሉት ደቡቦችም በሪችመንድ አስመስለው ሠሩት። አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ ሁለት ተቃራኒ ዓላማ! ባርነት በሕገ መንግሥት የታገደው በ1865 ነው።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ አሮጌ መሣሪያ ስናይ ዋጋውን ብቻ አንጠይቅ። ማን፣ ለምን እንደያዘውም እንጠይቅ።