ጉድባና የእንግሊዝኛ ስሙ

ገበሬ ውሃ እንዳይተኛበት የእርሻውን ዳር ሲቆፍር በአንድ ድካም ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም ከታች ጉድባ ይወጣለታል፣ ከላይም የተቆፈረው አፈር ተከምሮ ግድብ ይሆንለታል። እኛ ሁለቱን በየስማቸው ለይተን እንጠራለን። የጥንት እንግሊዞች ግን ለጉድባውም ለግድቡም የነበራቸው ቃል አንድ ነበር።

ከዚህም ከአንዱ ቃል በዘመን ብዛት ሁለት ወጡ፤ በደቡብ ዲች ሲባል በሰሜን ዳይክ ተባለ። ዛሬ በተለመደው አነጋገር ዲች ጉድባው፣ ዳይክ ግድቡ ነው። ነገር ግን ይህ ልዩነት በሁሉ ስፍራ አልጸናም። በአየርላንድ ገጠር የአፈሩን ግድብ ዲች የሚሉት አሉ፤ በስኮትላንድም ዳይክ የድንጋይ ካብ ማለት ነው። ከ757 እስከ 796 የመርሲያን መንግሥት በገዛው በንጉሥ ኦፋ ስም የሚጠራው፣ በእንግሊዝና በዌልስ ወሰን አካባቢ የሚገኘው ዳይክ ለዚህ ምስክር ነው፤ ጉድባው ወደ ዌልስ ዞሮ፣ ግድቡ ከበስተኋላው ቆሞ፣ ሁለቱም እንደ አንድ ምሽግ ናቸው።

ቃሉ ክብርን ያገኘው ግን በጦርነት ጊዜ ነው። በ1672 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሆላንድን በወረረ ጊዜ፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት የነበረው የኦራንዡ ዊልያም እጁን እንዲሰጥ ቢመከር፣ የሀገሩን መጥፋት ከማየት በመጨረሻዋ ጉድባ ውስጥ መሞትን እንደሚመርጥ መለሰ ይባላል። ሆላንዶችም ግድባቸውን ከፍተው ምድራቸውን በውሃ አጥለቀለቁ፤ የጠላትም ጦር ከውሃው ወዲያ ቀረ። ስለዚህ የመጨረሻዋ ጉድባ እስከ ሞት ድረስ የመጽናት ምሳሌ ሆነች። በ1911 የእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ሥልጣኑ የሚቀነስበትን ሕግ ሲከራከርበት፣ እስከ መጨረሻው እንቃወማለን ያሉት መኳንንት ከዚሁ አነጋገር የጉድባ ሰዎች የሚል ስም ወጣላቸው፤ ሕጉ ግን በ131 ድምፅ ለ114 አለፈ።

የሚያስደንቀው ይኸው ቃል ግስ ሲሆን መጣልና መተው ማለት መሆኑ ነው። የጸናው ሰው የሚሞትበት ጉድባ፣ ያልተፈለገ ዕቃ የሚወረወርበትም ጉድባ ነውና። አብራሪዎችም አውሮፕላንን ተገደው በውሃ ላይ ማሳረፍን በዚሁ ግስ ይጠሩታል። በጥር ወር 2009 በኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ እንዲህ ባረፈው አውሮፕላን የነበሩት 155 ሰዎች ሁሉ ተርፈዋል፤ በዚያ ቀን መተው ማዳን ሆነ። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ የሚተረጉም ሰው በዚህች አጭር ቃል ሊሰናከል ይችላል። በመንገድ ሥራ ውል ውስጥ ምሽግ ብሎ ቢጽፋት መሐንዲሱን ያስቃል፤ የዊልያምን ንግግር ጉድጓድ ብሎ ቢያስተምርባት ደግሞ ጀግናውን አዳልጦት የወደቀ መንገደኛ ያደርገዋል። ለዝናም ውሃ ቦይ፣ ለወሰን ጉድባ፣ ለወታደር ምሽግ እያልን እንደየሥራዋ ልንመልሳት ይገባል። አፈሩ የተቆፈረው ለምን እንደሆነ አስቀድሞ የጠየቀ ተርጓሚ የቃሉን ፍች አያጣውም።