የስምጥ ሸለቆው መስፋትና የቀያሹ ምልክት

ጀርመናዊው ሊቅ አልፍሬድ ቬገነር አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲያቀርብ፥ ከሁሉ የከበደው እንቅስቃሴውን በልኬት ማሳየት ነበር። ግሪንላንድ ከአውሮፓ እየራቀች መሆኗን በኬንትሮስ ልኬት ለማረጋገጥ ቢሞክርም፥ ያገኘው ውጤት በዓመት በሜትሮች የሚቆጠር ሆነ። እውነተኛው ፍጥነት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፥ የልኬቱ ስሕተት ከሚለካው ነገር እጅግ በልጦ ነበር ማለት ነው።

በኢትዮጵያም ችግሩ ይኸው ነበር። ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ያለው ምድር ኑቢያ በሚባለው፥ በስተምሥራቅ ያለው ደግሞ ሶማሊያ በሚባለው የምድር ቅርፊት ክፋይ፥ ማለትም ፕሌት፥ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የሥነ ምድር ተመራማሪው ፖል ሞርና ባልደረቦቹ በሸለቆው ምልክቶችን ተክለው፥ ብርሃን ልኮ ነጸብራቁን በሚቀበለው በጂኦዲሜትር ርቀታቸውን ለኩ። ልኬቱ በተከታዮቹ ዓመታት ቢደገምም፥ እንቅስቃሴው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ከአየር ሙቀትና ግፊት ከሚመጣው ስሕተት በእርግጠኝነት መለየት አዳጋች ነበር።

የመጀመሪያዋ የጂፒኤስ ሳተላይት የመጠቀችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ተራ መቀበያ ቦታን የሚያመለክተው በሜትሮች ስሕተት ነው፤ ነገር ግን አንቴናው በአለት ላይ ካለ ምልክት በላይ ተተክሎ ለቀናት ሞገዱን ሲቀበልና ውጤቱ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ሲነጻጸር፥ ስሕተቱ ወደ ሚሊ ሜትሮች ይወርዳል። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ ከቀድሞው ልኬት ጋር አገናኙ። ከ1969 እስከ 1997 የተሰበሰበው መረጃ ሁለቱ ፕሌቶች በዓመት 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚራራቁ አሳየ። ይህም በ28 ዓመት ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው።

ሆኖም አማካዩ ቁጥር ምድር ዘወትር በዝግታ ትሄዳለች ማለት አይደለም። የዐረቢያ ፕሌት ጭምር በሚገናኝበት በአፋር፥ በመስከረም 2005 (እ.ኤ.አ.) በዳባሁ አካባቢ የቀለጠ አለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሬቱን በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር ከፈተው፤ ይህንን የለኩት የራዳር ሳተላይቶች ናቸው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያም በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል፤ ለከሰም ግድብም ሥጋት ሆኗል።

ከዚህ ታሪክ መሐንዲሱ የሚማረው አለ። መሣሪያው አዲስ ቢሆንም፥ መልሱ የተገኘው የቀደሙት ባለሙያዎች የለኩት ስለተጠበቀ ነው። ሳተላይት ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ በግንባታ ሥራ የተነቀለ የቅየሳ ምልክት ግን የያዘውን የዓመታት መረጃ ይዞ ይጠፋል። ስለሆነም ምልክቱን ማስመዝገብና መጠበቅ የሥራው አካል ሆኖ ሊቈጠር ይገባል።