ካስቴላና ኦራሾ

ናጋሳኪ የደረስኩ ዕለት አረንጓዴ ሻይና አንድ ቁራጭ ኬክ ቀረበልኝ። «ይኼማ የፒያሳ ኬክ ነው!» አልኩ በሆዴ። ስነክሰው ግን ከሥሩ የተነጠፈው ያልሟሟ ስኳር ተንኮሻኮሸ። ስሙን ብጠይቅ «ካስቴላ» አሉኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቃል ካገኘሁ ዘሩን ሳልቆጥር አልለቅም። ቃሉ የመጣው ካስቲል ከሚባለው የስፔን ግዛት ስም ነው፤ ያመጡት ደግሞ ፖርቱጋሎች ናቸው።

ናጋሳኪ ለፖርቱጋል መርከቦች የተከፈተችው በ1571 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ነጋዴው ሐር ይዞ ሲመጣ ጀስዊቱ ወንጌል ይዞ አብሮት መጣ። ገዢዎቹ ግን ሰጉ፤ ዛሬ መስቀል የመጣበት መንገድ ነገ መድፍ ቢመጣበትስ? በ1614 ክርስትና በመላው አገር ተከለከለ። በ1639 ፖርቱጋሎች ጨርሰው ተባረሩ። ለንግድ የተፈቀደላቸው ሆላንዶችም ከ1641 ጀምሮ ደጂማ በምትባል፣ የሰው እጅ በሠራት ጠባብ ደሴት ላይ ታጠሩ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በዚያው በ1630ዎቹ ዐፄ ፋሲልም ጀስዊቶችን «በቃችሁ» ብለው ከአገር አስወጥተዋል።

ፖርቱጋሎቹ ሄዱ፤ ካስቴላ ቀረ። እንቁላል፣ ስኳርና ዱቄት ማንን ያስፈራል? እምነቱ ግን የሚያስገድል ነበር። ባለሥልጣናቱ ቅዱስ ሥዕል መሬት ላይ አኑረው «ርገጥ!» ይሉ ነበር። ብዙዎች በአደባባይ ረገጡ፤ ቤታቸው ገብተው በለሆሳስ ንስሐ ገቡ። ካኖን በምትባለው፣ ቡድሂስቶች የርኅራኄ እናት አድርገው በሚያከብሯት ሐውልት አሳብበው ማርያምን ተማጸኑ። ቄስ የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ። «ኦራሾ» የሚሉትን ጸሎት ወላጅ ለልጁ በቃል ያወርስ ነበር። ኦራሾም ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ያው ጸሎት ነው።

በ1865 ለውጭ አገር ሰዎች ተብሎ ወደ ተሠራው የኦውራ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት የኡራካሚ መንደር ሰዎች መጡ። ለፈረንሳዊው ቄስ እምነታችን አንድ ነው ብለው ሹክ አሉት። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ! ጉዱ ሲወጣ ግን ከ3,000 በላይ የመንደሩ ሰዎች ተጋዙ። እገዳው የተነሣው በ1873 ነው።

ሁለቱ ቃላት የተሳፈሩት በአንድ ዓይነት መርከብ ነው። አንዱ በሱቅ መስኮት ተደረደረ፤ ሌላው በወላጆች ጉሮሮ ተደበቀ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ።

ሻዬን ጨርሼ ስወጣ አንድ ጥያቄ ተከተለኝ። እኛስ፣ መጽሐፉ ቢወሰድብን፣ መምህሩም ቢጠፋብን፣ በቃላችን ይዘን ለልጅ ልጅ የምናቀብለው ምን አለን?